በጦም የጨመረው ስብ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሳልጠረጥር የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። አባቴ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው መቆም ጀመሩ። «ድካም ነው» አሉ። አላመንኳቸውም። ከምኖርበት ከቡሬ ሄጄ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም በትዕግሥት አስረዳቸው። በደም ውስጥ ያለው ስብ ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገባል። የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት ሄደው ይውጡታል። ሲበዛባቸው ግን ከዚያ መውጣት ያቅታቸዋል፤ ስቡን እንደያዙ እዚያው ይሞታሉ፣ ሥሩም እየጠበበ ይሄዳል።

«እንግዲህ መንገዱን የዘጋው ዘበኛው ነዋ» አሉ አባቴ።

«ዘበኛውስ ሥራውን ነው የሠራ፣ አባቴ። የበዛው ስቡ ነው። ይህን ኪኒን በየቀኑ ይውሰዱ፤ ቅቤም ይቀንሱ።»

ኪኒኑን ተቀብለው እንደ ሐሰተኛ ብር አገላበጡት። ጥርጣሬዬን ከማን እንደወረስኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ቢሆንም ዋጡት፤ ስቡም ወረደ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ጦሙ ሊያልቅ ሲል ደማቸው ሲመረመር ስቡ ተመልሶ ወጥቷል። ቅቤ በማይቀመስበት ወር! መጀመሪያ የጠረጠርኩት እናቴን ነው፤ ለእሳቸው ስትል ኃጢአትም ትገባለች ብዬ። ጓዳ ገብቼ የሽሮውን ድስት አሸተትኩ።

«ምነው ልጄ፣ ድመት ሆንሽ?» አለችኝ። ድስቱ የኑግ ዘይት ብቻ ነው የሚሸተው።

ቀጥዬ አባቴን ጠረጠርኩ፤ በገበያ ቀን ከኋላቸው ሄጄ ጠላ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። ቆሎ ሲቆረጥሙ አየሁ። ኪኒኑን የሸጠልንን መድኃኒት ቤት እንኳ ጠረጠርኩ።

የፋሲካ ጠዋት ዶሮ ወጡ ቀረበ፤ ቅቤው ከላዩ ተንሳፏል። አባቴ ከምሰሶው ላይ ከረጢታቸውን አውርደው ኪኒኑን አወጡ። ሁዳዴ ሲገባ ካመጣሁላቸው አንድም አልጎደለም።

«አባባ፣ በጦሙ አልወሰዱም?»

«ምን ሊሠራልኝ? ቅቤ ላልገባበት ሆድ መጥረጊያ ምን ያደርጋል?»

ከንዴት ይልቅ ፍርሃት ያዘኝ፤ ያን ሁሉ ሳምንት ዳገቱን ሲወጡ የከረሙት ያለመድኃኒት ነው። ሊሞቱብኝ ይችሉ ነበር። እንባዬ እየመጣ፣ ስቡን ጉበትም ራሱ እንደሚሠራው፣ ጦም ይሁን ፍስክ እንደማይለይ ነገርኳቸው።

የጠቀለሉት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ።

«እኔ ስጦም ጉበቴ ሲገድፍ ነበር በይኛ?»

እናቴ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ጦም ሳያጓድሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

አሁን ሁዳዴ ሲገባ ኪኒኑን ራሳቸው ይጠይቃሉ። «ለዚያ ለገዳፊው አምጡለት» ይላሉ። እኔም ከቡሬ በሄድኩ ቁጥር ውሃውን ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ።

ውጠው ሲጨርሱ «አፌን ልክፈትልሽ?» ይሉኛል።

«ይክፈቱ» እላለሁ።