የንግሥቲቱ ድምፅ የእኔ ነበር

ይህን ለሌላ ሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ዛሬ ግን ደስታዬ አላስችል ብሎኛልና ለእናንተ ልናዘዝ።

አሶሳ ውስጥ ቴአትር አስተምራለሁ። ሙያዬ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፉ የእንግሊዝ ተውኔቶችን በካሜራና በኮምፒውተር እንደገና ማቅረብ ነው። በዚያ ዘመን ሴት መድረክ ላይ ስለማትወጣ በሴት ቦታ የሚናገሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ክፍል ውስጥ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እቆጣለሁ፤ የሴትን አፍ ነጠቁ እላለሁ። እኔን ብሎ ተቆርቋሪ።

ሐዋ ተማሪዬ ነበረች፣ ከሸርቆሌ ወረዳ የመጣች የበርታ ብሔረሰብ ልጅ። አንዱን ተውኔት ቀርጸን ኢንተርኔት ላይ ስናወጣ ንግሥቲቱን የተጫወተችው እሷ ናት። አማርኛዋ የበርታን ዜማ ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ ምን አደረግሁ? ድምፅዋን ከፊልሙ አጠፋሁና የራሴን ተካሁበት። ሳልጠይቃት። አፉ የሐዋ፣ ድምፁ የእኔ። የአዲስ አበባ ምሁራን በአነጋገሯ እንዳይስቁባት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሥራው ተወደሰ፤ ዶክትሬቴንም ያገኘሁት በእሱ ነው። እናቷ ግን ፊልሙን በስልክ አይታ፣ «በልጄ አፍ የምታወራው ሴት ማናት?» ማለቷን ሰማሁ። ሰማሁና ዝም አልኩ። ሐዋም ተመርቃ ሸርቆሌ አስተማሪ ሆነች፤ ዳግመኛ መድረክ አልረገጠችም። ከመድረክ ያወረድኳት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ?

ዘንድሮ ደወልኩላት። መጥታ ንግሥቲቱን በራሷ ድምፅ እንድትናገርልኝ ለመንኳት፤ እኔም እዚያው ሰው ፊት ጥፋቴን ልናገር አልኳት።

«መምህር፣ እመጣለሁ» አለችኝ። «ግን ያ ቀን የኔ ነው፣ ለቅሶ አይግባበት። የእርስዎን ኑዛዜ ይጻፉት።»

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቷ ጋር በሚኒባስ መጣች። ፊልሙን ድምፁን ዘግተን ግድግዳው ላይ ለቀቅነው። ሐዋ ከፊቱ ቆማ ንግሥቲቱን ተናገረች፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በበርታ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። እናቷ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። በሙያ ዘመኔ እንዲህ ያለች ንግሥት አይቼ አላውቅም፤ እንዴት ደስ አይለኝ?

ሐዋ፣ ይቅር በይኝ። ለአንቺ አስቤ ነው አልልም። ያን ጊዜም የሰማሁት ይህንኑ ድምፅ ነበር፤ ከእኔ እንደሚበልጥ አውቄ ነው ያጠፋሁት።