ለአባቴ ያቀለልኩት መሪ

አባቴ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተር የማጥፋት ልማድ ነበራቸው። ማርሹን ዜሮ ያደርጋሉ፣ ቁልፉን ወደ ኋላ መለስ ያደርጋሉ፣ ከዚያ መኪናዋ ድምጿን አጥፍታ በገዛ ክብደቷ ስትወርድ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው ይነዳሉ። ነዳጅ ይቆጥብልኛል ነው የሚሉት። እኔ ግን ጸጥታውንም የሚወዱት ይመስለኝ ነበር። በእኛ ቆላ ነዳጅ አንድ ቀን አለ፣ አሥር ቀን የለም፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነበር የሚነዳው። ትራፊክ ፖሊስ «ተው» ሲለው «እሺ ጌታዬ» ይላል፤ የሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ያጠፋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ከጎናቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አላውቅም ነበር ብዬ የምከራከርበት ቀዳዳ የለኝም።

እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ መካኒክ ነበርኩ። ጋራዤ አራት ቋሚ እንጨት፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ደጁ ላይ የቆመ አንድ የኒም ዛፍ ነው። አባቴ ደግሞ አሮጌ ፒካፕ ነበረቻቸው። በእሷ ከገንዳ ውሃ ገለጉ፣ አንዳንዴም እስከ መተማ ዮሐንስ ይመላለሳሉ። ክረምት ሲገባ ሳሉግ ይጭናሉ፤ ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከየደጋው የሚወርደውን ሠራተኛ ነው። አጨዳ ሲያልቅ ሳሉጉንና ሰሊጡን አንድ ላይ ይጭናሉ።

የፒካፗ የቤንዚን ሞተር አርጅቶ ቤንዚኑን እንደ ግመል ይጠጣ ጀመር። «አባባ፣ በናፍጣ ሞተር እንቀይራት» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አልወደዱትም። «የለመድኳትን መኪና አታስቀይረኝ» አሉ። እኔ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆኜ፣ ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ የናፍጣ ሞተር አገኘሁና ሥራውን ጀመርኩ። መያዣዎቹን በየድኩ፣ ዘንጉን ጎንደር ልኬ በቶርኖ አስቆረጥኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ሸጋ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየልኝ።

ያላሰብኩት ክብደቱን ነው። የናፍጣ ሞተር ብረት ነው። የፒካፗ ፊት ዝቅ አለ፣ ክብደቱ ሁሉ የፊት ጎማ ላይ ዐረፈ። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ መሪዋን የሚያቀልላት አጋዥ አልነበራትም፤ ሞተሯ ቀላል ስለነበር አያስፈልጋትም ነበር። አሁን ግን መሪው ድንጋይ ሆነ። በዚያ ላይ ክረምቱ መጣ። የእኛን ጥቁር አፈር በክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ጎማውን ይዞ አይለቅም።

በዚያው ክረምት የአባቴ ቀኝ ትከሻ ተበላሸ። አልነገሩኝም። ያወቅሁት ምሳ ስንበላ ነው፤ እጃቸውን ወደ አፋቸው በማንሣት ፈንታ አፋቸውን ወደ እጃቸው ዝቅ ያደርጉ ነበር። «ሾፌር እንቅጠር» አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን «ከመሪ የወረድኩ ዕለት ከሰው ተራ ወረድኩ ማለት ነው» አሉና ተነሥተው ሄዱ። አባቴ እርሻ የላቸው፣ ከብት የላቸው። በአገሩ የሚታወቁት በሾፌርነታቸው ነው። መሪውን ከወሰድክባቸው ሌላ የሚቀራቸው ነገር የለም።

ነገር ግን ምላሳቸው አልታመመም። ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ እኔ ስገባ አይተው፣ «ልጄ ለመኪናዬ አዲስ ሞተር ገጠመላት፣ እኔን ግን የሚያርስ በሬ አደረገኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን ከሰለ። ቂም ይዤ አደርኩ፤ በአባት ቂም ይያዛል ወይ ከተባለ፣ ይያዛል።

መፍትሔ ፍለጋ ያስሮጠኝም ይኸው ነው። የትከሻቸው ሕመም አሳዝኖኛል፤ ግን ያ ሳቅ የበለጠ አስሮጦኛል። መጀመሪያ በዘይት የሚሠራውን የመሪ አጋዥ አሰብኩ። የዚያ ሞተር ፓምፕ የሚታሰርበት ቦታ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል፤ አልሆነም። ከዚያ የመተማ ዮሐንስን ድልድይ ተሻግሬ ሱዳን፣ ገላባት ሄድኩ። እዚያ የተሰባበሩ መኪኖችን ፈታትቶ የሚሸጥ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና የተነቀለ፣ በኤሌክትሪክ የሚያግዝ መሪ ከነሞተሩ አወጣልኝ። መሬት ላይ አስቀምጦ ከባትሪ ጋር አገናኘው። በአንድ ጣቴ ስነካው ዞረ። «ተማም?» አለኝ፤ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። «ተማም» አልኩት፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

አገጣጠሙን አሳጥሬ ልንገር። የፒካፗን የመሪ ዘንግ ቆረጥኩና የዚያችን መኪና ዘንግ መሐሉ ላይ አስገባሁ። መሪ ላይ የሚበይድ ሰው የሰው ነፍስ ነው የሚበይደው፤ ስለዚህ ብየዳውን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ኤሌክትሪኩን ከባትሪው በወፍራም ሽቦ አመጣሁ፣ መሐሉ ላይ ፊውዝ አደረግሁ። መቆጣጠሪያውን ደግሞ ትልቁ ሞተር ከሚያዞረው ዲናሞ ጋር አገናኘሁት። ይህ ማለት ትልቁ ሞተር ሲነሣ የመሪው ሞተርም ይነሣል፤ ትልቁ ሲጠፋ የመሪውም ይጠፋል። እንዲያ ያደረግሁት አባቴ ጥላ ሥር አቁመው ቁልፉን እንደከፈቱ ሬዲዮ ስለሚሰሙ ነው። የመሪው ሞተር ባትሪውን መጥጦ ጫካ መሐል እንዳያስቀራቸው ብዬ ነው። በሽቦው ሥራ ስህተት የለም። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የምሠራው።

መኪናዋን ያስረከብኩ ዕለት ሾፌሮች ሁሉ ተሰብስበው ነበር። አባቴ ገብተው ተቀመጡ፣ አስነሡ፣ መሪውን በግራ እጃቸው ሌባ ጣት ብቻ ከዳር እስከ ዳር አዞሩት። ፊታቸው በራ። እንዲያ ሲስቁ ካየሁ ዘመን አልፎ ነበር።

በመስኮቱ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ሲነዱ…» ስል አቋረጡኝ።

«ምን? ደግሞ መንዳት ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ወደ ሾፌሮቹ ዞሩ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!»

ሾፌሮቹ ፈነዱ። እኔ አፌን ዘጋሁ።

በእኛ አገር ልጅ አባቱን እንዲህ ያድርጉ፣ እንዲያ አያድርጉ አይልም። በተለይ በሰው ፊት፣ በተለይ በሙያቸው። ይህን ደንብ ለራሴ ምክንያት አደረግሁት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሞተር ካጠፉ መሪው እንደሚከብድ ማታውኑ እቤት ልነግራቸው እችል ነበር። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። አንድ ወር ሙሉ ከአንድ መሶብ በልተናል። በመካከሉ አባቴ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ልጄ ወጣትነቴን መለሰልኝ» ማለታቸውን ከሰው ሰማሁ። ለእኔ አላሉኝም፤ ለሰው ነው ያሉት። እሱም አናደደኝ።

ያን ወር የሚመላለሱት ሜዳ ሜዳውን ስለነበር ነገሩ አልተገለጠም። ከዚያ ናፍጣ ጠፋ። አጨዳው አልቆ የተወቃውን ሰሊጥ ለማውጣት ሰው ይጣደፋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ነገ ገለጉ ነኝ፤ ሰሊጥም ሳሉግም አለ» አሉኝ። በመንገዱ ላይ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለት አስታወስኩት። በዚህ የናፍጣ ችግር ሞተር እንደሚያጠፉ ስሜን የማውቀውን ያህል አውቅ ነበር። በልቤ ያልኩትንም አልረሳሁትም፦ «ትክበድባቸው። አንድ ጊዜ ትክበድባቸውና መጥተው ይጠይቁኛል።» መጥተው እንዲጠይቁኝ ፈለግሁ። በሰው ፊት «ልጄ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው?» እንዲሉኝ። ከዚህ በላይ ምንም አልፈለግሁም። እንጀራዬን ጠቅልዬ ጎረስኩ።

የሆነውን በኋላ ከሳሉጎቹ ሰማሁ። ስድስት ሆነው ከሰሊጡ ጆንያ በላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ እንደልማዳቸው ሞተሩን አጠፉ። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ደህና ወረዱ። መታጠፊያው ላይ መሪውን ሲይዙት ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ከቀድሞውም የባሰ፣ ምክንያቱም አሁን የማይሠራውን የመሪ ሞተር ጭምር ነው የሚጎትቱት። ፍሬኑ ሞተር ሲጠፋ እንደሚከብድ ያውቃሉ፣ ለምደውታል። መሪ ግን በሕይወታቸው እንዲህ አድርጓቸው አያውቅም። ቁልፉን መልሰው ቢያስነሡት ይድኑ ነበር። ግን ማን ነገራቸው? ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው በዚያ በተበላሸ ትከሻ ሲታገሉ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ በጎኗ ተኛች።

አምስቱ ሳሉጎች ዘለው ዳኑ። ስድስተኛው፣ የጎጃም ሰው፣ እግሩ ከጆንያዎቹና ከመኪናዋ ጎን ሥር ገባ። አባቴ ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። የሰውየው እግር ጎንደር ሆስፒታል ድረስ ተወስዶ አልተቆረጠም፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም። በሁለት እግሩ ወርዶ በምርኩዝ ወደ አገሩ ወጣ። ያ ሰው አርሶ አደር ነው። አሁን ሞፈር እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ አላውቅም፤ ባሰብኩት ቁጥር የገዛ ቁርጭምጭሚቴን ያመኛል።

ሰውየው ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ወንድሙ ከጎጃም መጥቶ ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም ከአባቴ ኋላ ተቀመጥኩ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አባቴን «መኪናዋ እክል ነበረባት ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«እክል የለባትም» አሉ አባቴ። ክንዳቸው በነጠላ አንገታቸው ላይ ታስሯል። «ልጄ የሠራት መኪና ናት። ሞተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ የምትለው አለ?»

«የለኝም» አልኩ።

በአባቱ ቃል ላይ ቃል የማይጨምር ጨዋ ልጅ ተባልኩ። ሽማግሌዎቹ በፊቴ አመሰገኑኝ፤ «የተባረክ» አሉኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእኔ አፍ ግን ያን ዕለት ምን እንዳልገባበት እኔ ነኝ የማውቀው። እግሩ የተጎዳው ጎጃሜ አባቴን ይቅር ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔን የሚስምበትም ሆነ የሚረግምበት ምክንያት ማንም አልሰጠውም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ አልነዱም። ክንዳቸው ሳይዘረጋ ቀረ፣ መንጃ ፈቃዳቸውም ተወሰደ። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ጋራዤ ደጅ ኒሙ ሥር ይቀመጣሉ። የሚገርመው፣ ከአደጋው በኋላ የኤሌክትሪክ መሪው ወሬ በቆላው ተዳረሰና ሞተር ያስቀየረ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ሥራዬ በአባቴ ክንድና በዚያ ሰው እግር ደራ። አባቴ ደግሞ ሥራ አበጁ። ሾፌር መኪናውን ሊረከብ ሲመጣ ቁልፉን ሳይቀበል በፊት ጠርተው ያስቆሙታል። «ስማ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር እንዳታጠፋ። ሞተር ካጠፋህ መሪ የለህም። ገባህ? ድገምልኝ» ይላሉ። ሾፌሩ እንደ ተማሪ ይደግምላቸዋል። እኔ መናገር የነበረብኝን አንዲት ቃል፣ ለዓመታት፣ በየሳምንቱ፣ በእሳቸው አፍ ሰማኋት።

አንድ ቀን ከአብደራፊ የመጣ ወሬኛ ሾፌር ነበር። እኔ ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሽቦ እልጣለሁ። አባቴ ማስጠንቀቂያቸውን ነገሩት፣ ደገመላቸው። ከዚያ እየሳቀ ጠየቃቸው።

«ኧረ አባት፣ ያን ጊዜ ልጅዎ ይህን ሳይነግርዎ ነው እንዴ የተገለበጡት?»

እጄ ሽቦው ላይ ቆመ። በዚያ ሁሉ ዓመት በሁለታችን መካከል ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም።

«ነግሮኛል» አሉ አባቴ። «ሦስት ጊዜ ነው የነገረኝ። ሽማግሌ መቼ ይሰማል ብለህ ነው?»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሥር እንደተኛሁ አብሬው ሳቅሁ።