ዳንቴል የለበሰው የመኪና ወንበር

ይህ ነገር ከደረሰብን አራት ዓመት ሆነው። የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ቀን፣ ከአምቦ ወደ ጊንጪ ስንሄድ ነው የሆነው። ሰው አልሞተም፣ ደምም አልፈሰሰም። ግን እስከ ዛሬ የመኪና ወንበር ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ አናቱን ነው የማየው። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አጻጻፌን አትዩብኝ።

የምኖረው አምቦ ነው፣ ብቻዬን። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ሌሊሴ ናት። ጊንጪ አግብታ እዚያው ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራለች። ባሏ ገመቹ አስተማሪ ነው። ያን ዓመት ያገለገለች ነጭ መኪና ገዙ። “ሀርሜ፣ ለፋሲካ በራሳችን መኪና ነው የምንመጣው!” ብላ ስትደውልልኝ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። ሀርሜ በኦሮምኛ እማዬ ማለት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ።

ምን ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ። እኔ የማውቀው የኪሮሽ ሥራ ነው። ለሶፋ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለጠረጴዛ ዳንቴል እሠራለሁ፤ ለመኪናቸው ወንበርም ልሥራላቸው አልኩ። ልኩን የወሰድኩት ከጎረቤቴ ከኦቦ ቶላሳ መኪና ነው። ኦቦ ቶላሳ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የቆመች አሮጌ መኪና አለቻቸው፤ ዶሮዎቻቸው ናቸው የሚያድሩባት። በክር ስለካ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

“አዴ ጫልቱ፣ ለመኪናም ቀሚስ ይሰፋል እንዴ?”

“ምን አለበት? ለልጄ መኪና ነው።”

“እንግዲያው ጫማም ግዢላት፣ አራት እግር አላት” አሉና ሳቁ።

ሁለት ወር ሙሉ ሠራሁ። ነጭ ክር ነው፣ በወንበሩ ጀርባ በኩል ትልቅ አበባ ያለው። ክሩ አልቆብኝ ለኋላው ወንበር አልደረሰም። ለፊቶቹ ሁለት ወንበሮች ግን አሳምሬ ጨረስኩ።

ቅዳሜ መጡ። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ነው ዳንቴሉን ይዤ የሮጥኩት። ላለብሰው ስል አልገባ አለኝ። ወንበሩ አናት ላይ ብቅ ያለ ትራስ የሚመስል ነገር አለ። የኦቦ ቶላሳ መኪና ይህ አልነበራትም፤ ለካ የሷ ድሮ ወልቆ ጠፍቷል። እኔ ደግሞ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የሚደገፍበት መስሎኝ ነበር።

“ገመቹ ልጄ፣ ይህች ትራስ ነገር አትወልቅም?” አልኩት።

“ትወልቃለች… ግን…”

“ግን ምን?”

“ምንም። እሺ።”

በእኛ ዘንድ አማች አማቱን በጣም ያፍራል። ፊቷን ቀና ብሎ አያይም፣ ያለችውንም እምቢ አይልም። ገመቹ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ቤቴ ሲመጣ ወጥ ጨምር ስለው እንኳ መሬት መሬት እያየ ነው የሚመልስልኝ። ከትራሷ ሥር ያለችውን ቁልፍ ነገር ጫን አድርጎ ሁለቱንም ነቀላቸው። ተቀብዬው ሳሎን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ዳንቴሉ ያን ጊዜ ልክክ አለ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየልኝ። እውነቱን ልናገርና ኮራሁ።

ሰኞ ለሳምንት ያህል ይዘውኝ ሊሄዱ ተነሣን። እናት ከፊት ነው የምትቀመጠው፣ ወጉ ነው። ሌሊሴም “ሀርሜ፣ ነይ ከፊት ግቢ” ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

“አይ፣ አንቺ ከባልሽ ጎን ተቀመጪ። እኔ ከኋላ ይመቸኛል” አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ወደ መጨረሻ እናገራለሁ።

መንገዱ ጥሩ ነበር። ጊንጪ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ ገመቹ ቆመ። ሌሊሴ ወደኔ ዞራ “ያቺን በሬ እያት ሀርሜ፣ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው” አለችኝ። ኦሮምኛ ስለሚቀናት አማርኛዋ እንዲህ ወንዱን ሴት ያደርጋል፣ ሁልጊዜ ያስቀኛል። እየሳቅን ሳለ ገመቹ መስተዋቱን አይቶ “ያ ዋቀዮ!” አለ፣ አምላኬ ማለቱ ነው። መሪውን ጨብጦ ወደ ወንበሩ ተለጠፈ። ወዲያው ከኋላ ጓ! አለ። ጭነት የጫነ መኪና ነው፤ ፍሬን ይዞ ነበር፣ ግን አልቆመለትም።

እኔን ጀርባዬንና ጭንቅላቴን ወንበሩ ያዘኝ። ለኋላው ወንበር ክር ስላልበቃኝ የሱ ትራስ አልተነቀለም ነበር። ሌሊሴ ግን ጭንቅላቷ በወንበሩ አናት አልፎ ወደኋላ ሲታጠፍ አየሁ። ፀጉሯ ጉልበቴን ነካኝ ብል ማን ያምነኛል? ከዚያ ወደፊት ተመለሰች።

“ልጄ!”

“ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ” አለች፣ አንገቷን እያሻሸች።

ወረድን። የመኪናው ኋላ ተጨራምቷል፣ ሌላ ምንም የለም። የጭነት መኪናው ሾፌር እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይቅርታ ይለናል። ጌታ ይመስገን ተባባልን። ቤት ገብተን ራታችንን በላን፣ እየሳቅንም ነበር።

በማግስቱ ሌሊሴ ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ራሷን ያማታል። “ሀርሜ፣ ጣቶቼን ይነዝረኛል” ስትለኝ እጇን ይዤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸሁላት። በጣቶቿ ነው እንጀራዋ።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። ፎቶ ተነሣች፣ አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። የተጎዳው ጅማትና ሥጋው ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ብሎ ያስረዳል። መኪና ከኋላ ሲገጭ ሰውነት ከወንበሩ ጋር ወደፊት ይገፋል፣ ጭንቅላት ግን ወደኋላ ይቀራል፤ የሚይዘው ነገር ከሌለ አንገት እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል አለን። ዞራ ስለነበር ደግሞ ባሰባት፤ ገመቹ ግን አስቀድሞ አይቶ ራሱን ስላጠነከረ ተረፈ።

ከዚያ “ወንበሩ የጭንቅላት መደገፊያ አልነበረውም?” ብሎ ጠየቀ።

ገመቹ መሬት መሬት እያየ “እኔ ነኝ ያወለቅኩት። የኔ ጥፋት ነው” አለ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። የነጠላዬን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። አፌ አልተከፈተም።

ሦስት ሳምንት አስታመምኳት። ማሰሪያ አንገቷ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ፀጉሯን አበጥርላታለሁ፣ እንደ ሕፃንነቷ አጎርሳታለሁ። ገመቹ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

አምቦ ተመልሼ በሬን ስከፍት ሁለቱ መደገፊያዎች ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንግዳ መጥቶ የሚጠብቀኝ ነው የመሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶፋው ላይ መቀመጥ ተውኩ። ምሳዬን በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። የማነጋግረው ሰው የለኝም። ቸርች ስሄድ “ሌሊሴ እንዴት ናት?” ሲሉኝ “ጌታ ይመስገን” ብዬ አልፋለሁ።

አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ለኦቦ ቶላሳ ነገርኳቸው። ያን ቀን አልቀለዱም። ወደ አሮጌዋ መኪና ወስደው ዶሮዎቹን አባረሩና ወንበሩ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች አሳዩኝ።

“እንዳየሽው ነው፣ የኔም የለም። ስትለኪ መንገር ነበረብኝ፣ ቀልዱን ግን አስቀደምኩ” አሉኝ። ከዚያ በእጃቸው እያሳዩ አስተማሩኝ። የመደገፊያው ጫፍ ከሰውየው አናት ጋር እኩል መሆን አለበት። አንገት ላይ ዝቅ ብሎ ከቀረ ይጎዳል እንጂ አያድንም። ከጭንቅላቱም ብዙ መራቅ የለበትም።

በማግስቱ ሁለቱንም በፌስታል ይዤ ጊንጪ ሄድኩ። የአውቶቡሱ ረዳት አይቶ “እማማ፣ ወንበር ይዘው ነው እንዴ የሚሳፈሩት? እኛም እኮ አለን!” አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ገመቹን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። ፌስታሉን ሰጠሁትና “ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውልቅ ያልኩህ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ፊት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ” አልኩት።

“እኔም መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ተምሬዋለሁ” አለኝ። “አይሆንም ማለት ነበረብኝ፣ አፍሬዎት ነው።” ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን ያየኝ። ዓይኑ ቡናማ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

ዳንቴሉን አውልቆ መደገፊያዎቹን መለሰ። ሌሊሴን አስቀምጦ ጫፉ ከአናቷ እኩል እስኪሆን ከፍ አደረገው። እኔ ከውጭ ቆሜ “ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ” እላለሁ።

አሁን ተሽሏታል። ክረምት ሲገባ ግን ያማታል፤ ብዙ ስትጽፍም ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። መኪና ላይ ብዙ መቀመጥ ስለሚከብዳት ለፋሲካ መምጣቷን ትታለች። በስልክ ነው የምንገናኘው። እኔም መኪና ስሳፈር የማላውቀውን ሰው “ልጄ፣ መደገፊያህን ከፍ አድርገው” እላለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ይስቅብኛል።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ሌሊሴ ለሰው ሁሉ “እናቴ ከባሌ ጎን እንድቀመጥ ብላ ነው የፊቱን የለቀቀችልኝ” ትላለች። እንደዚያ ስትል እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። የዳንቴሉ አበባ የሚታየው ከኋላ ነበር። መንገዱን በሙሉ የእጄን ሥራ እያየሁ ልሄድ ብዬ ነው ኋላ የተቀመጥኩት።

ልነግራት ስንት ጊዜ ስልክ አንሥቼ፣ ጊንጪ ዘነበ ወይ ብዬ ብቻ ዘግቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ቆርጬ እልክላታለሁ። ልጄ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ደውይልኝ። ብትቆጪኝም ደውይልኝ።