አባቴ ከማፍጠራችን በፊት ያልነገረን

ዛሬ ማምሻውን መርሳ አስፋልት ዳር የሚጠበስ ሳምቡሳ ሲሸተኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ነበርኩ፤ ወሩም ረመዳን። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በየመን በኩል ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከቤት ከወጣ ሰንብቷል። ያን ቀን አባቴ ከገበያ ሲመለስ፣ ወትሮ የማይገዛውን ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። አዛን ሲል በተምር አፈጠርን፤ እናቴ የአጃ ሾርባ ቀዳችልን። ትኩሱ ሾርባ እህቴን አፏን ሲፈጃት ሁላችንም ሳቅን። አባቴም አብሮን ሳቀ።

"አንቱስ አይቀምሱም?" አለችው እናቴ።

"አንቺ ብዪ ዘሃራ። ዛሬ በደንብ ብዪ።"

ማዕዱ ሲነሳ እጇን ያዛት። "ሰይድ በረሃ ላይ ቀርቷል። ጓደኞቹ ቀብረውታል" አላት።

እናቴ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ድምጿ ሲዘጋ ቀና ብላ፣ "መቼ ሰሙ?" አለችው።

"ቀትር ላይ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ።"

"ታዲያ እንዴት አስችሎዎት አበሉን?"

"ጾማችሁን ውላችሁ፣ በባዶ ሆዳችሁ እንድታለቅሱ አልፈለግሁም።"

ያኔ አባቴ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። አሁን የራሴን ልጆች ሳስፈጥር፣ ያን ሳቅ ከየት እንዳመጣው አስባለሁ።