አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች

ባለፈው ሳምንት የስልኬ ቻርጅ መሰኪያ ላልቶ አልይዝ ስላለኝ ፒያሳ ወዳለ ጠጋኝ ቤት ወሰድኩት። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም፤ መንገደኛው ሁሉ በረንዳው ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጠልሏል። ጠጋኙ የመበየጃ ካውያውን አግሎ ጫፉን እርሳስ ላይ ሲያሳርፈው ቀጭን ጭስ ተነሣና አፍንጫዬን ሞላው። የቀለጠ እርሳስና የሙጫ ሽታ።

"እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ፤ አይቆይም" አለኝ።

ተቀመጥኩ፤ ልቤ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤታችን ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በደብራቸው ቅኔ ስለሚያስተምሩ ሰፈሩ ሁሉ፣ እኛም ልጆቻቸው ጭምር፣ የኔታ እንላቸዋለን። ምስጋናው በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ አንድ ወንድሜ ነው። ዲያቆን ነበር፤ ድምፁ ያማረ፣ ከድምፁም እጁ ያማረ። ብራና ላይ ፊደል ሲጥል የኔታ ራሳቸው ከኋላው ቆመው ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩታል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደግሞ እንደ ማንኛውም የከተማ ልጅ ጌም ይወድ ነበር። አክስታችን የሰጠችን፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ርካሽ ማሽን ነበረን፤ በኳስ ጨዋታ ሰፈር ውስጥ የሚያሸንፈው አልነበረም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አጎታችንን ሊጠይቅ መካነ ብርሃን ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረው ገብስ የጫነ የጭነት ማኪና ላይ ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ማኪናዋ አንሸራተተችና ተገለበጠች። የምስጋናው ቀኝ እጅ ከብረቱ ሥር ተቀረቀረ። ሰው ደርሶ እስኪያወጣው ግማሽ ቀን ሆነ። ሆስፒታል ሲገባ እጁ የሚተርፍ አልነበረም፤ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ወደ ቤት ያመጣነው ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ስንጠራው አይመልስም። እህልም አልቀምስ አለ። የኔታ "የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ወተት ስጡት" ብለው ፈቀዱ፤ ወተቱ እየረጋ ይደፋል። እማዬ ሱፍ ወቅጣ፣ አጥልላ፣ ፍትፍት ሠርታ ትቀርበዋለች። ጉርሻ ይዛ ስትጠጋው ጥርሱን ይነክሳል።

"አንዲት ብቻ፣ የኔ ጌታ" ትለዋለች።

"እንደ ሕፃን አታጉርሱኝ" አለ አንድ ቀን። በዚያ ሳምንት ከአፉ የሰማነው ይህን ብቻ ነው። በራሱ እጅ እንዳይበላ የቀረው ግራው ነው፤ በግራ መብላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ደግሞ ግራውን ወደ ወጭት አይሰድም።

ቁስሉን ሊያጥቡለት የሚመጡት ነርስ እማዬን ወደ በረንዳው ጠሯት። "እህል ካልገባለት ቁስሉ አይሽርም፤ ይመረቅዛል። እንዲህ ከቀጠለ ልጁን ታጡታላችሁ" አሏት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ። እሱም የሰማ ይመስለኛል፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ከጎረቤት ቤት የኳስ ጌሙ ዜማ በጭቃው ግድግዳ አልፎ መጣ። ምስጋናው አልዞረም። ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋው የግራ እጁ አውራ ጣት ግን የጌሙን ቁልፍ እንደሚገፋ ሁሉ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን አለ። ሁለት ጊዜ። ሌላ ሰው ቢያየው ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ሌላ የምይዘው ስላልነበረኝ እሱኑ ሙጥኝ አልኩ።

ማሽኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። በእጅ የሚያዘውን መጫወቻ፣ ጆይስቲክ የምንለውን፣ አይጥ ገመዱን በልታዋለች። ማሽኑ ላይ ያለው መሰኪያም ተሰባብሮ ወልቋል። የቀረን ከዚያ በፊት የነበረን፣ የተቃጠለ ማሽን ጆይስቲክ ብቻ ነው። ወፍራም፣ ቁልፎቹ ሰፋፊ፣ ጫፉ ከአዲሱ ማሽን ጋር የማይገጥም። ሁሉንም በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ራዲዮ ወደሚጠግኑት አያ ፈንቴ ሮጥኩ።

አያ ፈንቴ ነገሬን ሰሙኝ፤ ከዚያ ማሽኑንም ጆይስቲኮቹንም ፈቷቸው።

"መሰኪያውን እርሺው" አሉ። "እዚህም አምስት ሽቦ ነው፣ እዚያም አምስት። ገመዱን ቆርጠን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ መበየድ ነው።"

"ይሠራል፣ አያ?"

"ካወቁበት ይሠራል። የኤሌክትሪኳ ሽቦ ያለቦታዋ ከገባች ግን ማሽኑ በቃው። ደግሞ እኔ አልበይደውም።"

"ምነው?"

"ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። የራዲዮውን በዳበሳም ቢሆን እበይዳለሁ፤ ይህ ግን ጤፍ ማለት ነው። አንቺ ትበይጃለሽ። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ብቻ እንዳትነኪው።"

ካውያውን ተቀበልኳቸው።

ያን ቀን በአሮጌ የራዲዮ ሰሌዳ ላይ ስለማመድ ዋልኩ። የእርሳሱ ጠብታ እየተንከባለለ ጣቴ ላይ ያርፋል፤ አውራ ጣቴም አመልካች ጣቴም ውኃ ቋጠሩ። ከቤት ይዤው የወጣሁት ቆሎ ሳልነካው ተመለሰ። ሲመሻሽ ስገባ እማዬ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ሳልጠይቃት "ውኃ ብቻ ነው የወሰደው" አለችኝ።

በሁለተኛው ቀን ሽቦዎቹን መለየት ያዝን። ቀለማቸው አይመሳሰልም፤ በአንዱ ጆይስቲክ ቀይ የሆነው በሌላው ነጭ ነው። አያ ፈንቴ በመለኪያቸው ጫፍ ለጫፍ እያስነኩ፣ መርፌው ሲዘል በጆሯቸው የሰሙት ይመስል "ይቺ ናት" ይሉኛል፤ እኔ ክር አስርባታለሁ። ሦስቱን እንደለየን መብራት ሄደ። ካውያው ቀዘቀዘ። ውጭ ሴቶች እሸት በቆሎ ይጠብሳሉ፤ ሰው እየሳቀ ይገዛል። አንድ ቀን እንዲህ በከንቱ ሲያልፍ ወንድሜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀንስ እያሰብኩ መብራት ጠበቅሁ። አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጣ። የቀሩትን ሁለት ሽቦዎች ለየንና አምስቱንም በየድኩ። የአያ ፈንቴ ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን አበራነው። ማያው ጥቁር ሆኖ ቀረ።

"ገደልኩት" አልኩ።

"ዝም በይ። አጥፊውና ወደ ብርሃን አምጪው። ጠብታዎቹ ተነካክተው እንደሆን እይ።"

ሦስተኛዋና አራተኛዋ እንደ ፀጉር በቀጠነ የእርሳስ ክር ተያይዘዋል። በመርፌ ጫፍ ፋቅሁት። መልሰን ስናበራው አረንጓዴው ሜዳ ወጣ።

"ሸጋ ነው" አሉ አያ ፈንቴ።

አቅጣጫውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ማቀበያና መምቻው ግን ቀኝ እጅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ቁልፎች ረዘም ያለ ሽቦ አውጥተን በእግር የሚረገጥ ልናደርገው አሰብን። ይህን ስንነጋገር የኔታ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ጌም በፊታቸው አይነሣም ነበር። ማሽኑን አዩ፣ ቀጥሎ ጣቶቼን አዩ።

"ምን ጎደለሽ?"

"ጣውላ። በእግሩ የሚረግጠው።"

ወጥተው ሄዱ። ሁለት ቁራጭ ጣውላ ይዘው ተመለሱ፤ ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኳቸውም። የአያ ፈንቴን ሞረድ ተቀብለው ዳር ዳሩን ራሳቸው አለሰለሱት። "እንዳይወጋው" አሉ።

የሁለቱን ቁልፎች ሽቦ ጣውላዎቹ ላይ ገጥመን ስንጨርስ ቤት ወስጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት፤ ጣውላዎቹንም ከአልጋው ፊት መሬቱ ላይ አስቀመጥኩ።

"ውሰጂው" አለ ምስጋናው ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

ልለምነው አስቤ ነበር። ግን መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አልጮኽኩም፤ እንባዬ ብቻ ይወርዳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ውኃ በቋጠሩት ጣቶቼ እንባዬን ጠረግሁ።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

ቀና ስል ዞሮ ያየኛል። ከመጣ ጀምሮ ፊቱን በቅጡ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጉንጩ ሰርጉዷል።

"ካውያ ነው።"

"አንቺ ነሽ የበየድሽው?"

"እኔ ነኝ።"

ጣቶቼን ይዞ አገላብጦ አያቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣና እግሮቹን ከአልጋው አወረደ።

"መምቻው የቱ ነው?"

"በቀኝ እግርህ ያለው።"

የመጀመሪያውን ጨዋታ ክፉኛ ተሸነፈ። ሁለተኛውንም ተሸነፈ፤ እግሩን እያሳሳተ በጥርሱ መሀል ያጉረመርማል። እማዬ ወጭቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ብትንቀሳቀስ ነገሩ የሚበታተን ይመስል አትነቃነቅም። በሦስተኛው ላይ ጎል አገባ። እጁም እግሩም ሥራ ላይ ነው፤ ዓይኑን ከማያው ሳይነቅል ወደ እማዬ ዘንበል ብሎ አፉን ከፈተ። አጎረሰችው።

ማሽኑ ከመስቀል በኋላ ጨርሶ ተበላሸ። ያን ጊዜ ምስጋናው በግራ እጁ መብላት ጀምሮ ነበር። ድቁናው አልተመለሰለትም፤ ብራናም ዳግመኛ አልነካም። ዛሬ አዘዞ ይኖራል፤ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ስልክ ደውዬለት ሳያነሣ የቀረ እንደሆነ የነሐሴው ፍርሃት ተመልሶ እስኪያነሣ ድረስ ደጋግሞ ያስደውለኛል።

ጠጋኙ ስልኬን ሰጠኝ፤ ዝናቡ ግን ስላላባራ በረንዳው ሥር ቆምኩ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር "ወንድሟን ያዳነች" ይሉኛል። ስሰማው ደስ አይለኝም። እነዚያን ሦስት ቀናት ሱቅ ውስጥ የዋልኩት እሱን ላድነው ብቻ አልነበረም። እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝም ነበር። በእጄ የሚበየድ፣ የሚቆጠር፣ የሚሳሳት ነገር ስለነበረኝ ሞቱን ቁጭ ብዬ ከመጠበቅ አመለጥኩ።

እማዬ ይህ አልነበራትም። ሦስቱንም ቀን ወጭቱን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሲቆይባት ደፍታ አዲስ ሱፍ ትወቅጣለች፤ እምቢ ሲላት እንደገና ትወቅጣለች። ስለ እሷ ማንም ምንም አይልም። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ እኔም በሕይወት ሳለች ይህን አልነገርኳትም።