መንጋጋዬን ይዤ ወንዛዬ

ከቤት የወጣሁት ፍል ውሃ ልዘፈዘፍ ነው። ግራ ጉንጬ አብጦ ዓይኔ ሊዘጋ ደርሷል፣ አፌ ደግሞ ጣት አያስገባም።

ነገሩ የጀመረው በገዛ ሩዛችን ነው። እኛ የፎገራ ሰዎች ሩዝ እናመርታለን፣ ከነጠጠሩ እንበላለን። አንዷ ጠጠር መንጋጋ ጥርሴን ሰነጠቀችው። ሲያመኝ ጎረቤታችን አያ ካሳ ለእግሩ ቁስል ታዞለት የተረፈውን እንክብል ሰጠኝ። ዋጥኩ፣ ተሻለኝ፣ ተውኩት። ሲመለስብኝ ከሱቅ ፍሬ በፍሬ ገዛሁ፣ አሁንም ሲሻለኝ ተውኩት። በሦስተኛው ግን እንክብሉን ብውጥ ብውጥ እብጠቱ ጭራሽ አልሰማ አለ።

እኔን የሚያውቅ ያውቃል፤ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ባቆምም ወረታ ላይ በምላስ የሚረታኝ የለም። እና ይሄ አፍ ተቆለፈ። ለአያ ካሳ ያዘጋጀሁት ስድብ ብቻ አንድ ኩንታል ይሞላል፤ መውጫ አጣ እንጂ።

ወንዛዬ ፍል ውሃ እንሂድ ያለችው እታለም ናት። ትልቅ እህቴ ናት፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። "የአባባን ጉልበት ወንዛዬ አይደል የፈታው? ጉልበት የፈታ ውሃ ጉንጭ ያቅተዋል?" አለች። እኔም አመንኩ። የደረሰ ሩዝ ማሳ ላይ ጥለን ወጣን።

ወረታ፣ ጠዋት

መናኸሪያው እንደ ወትሮው ጩኸት ነው። የሐሙሲት ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ረዳቱ የጠየቀው ሂሳብ የታሪፉ እጥፍ ነው። እኔ መጮህ አልችልም፣ ስለዚህ ስልኬ ላይ ጻፍኩና ለእታለም ሰጠኋት። እታለም ማንበብ እንደማትችል በንዴት ረስቼው! እሷ ሆዬ ስልኩን ለራሱ ለረዳቱ አቀበለችው።

"እስኪ አንብብልኝ ልጄ። ወንድሜ አፉ አልከፈት ብሎት ነው፤ ውሃ ጠምቶት ይሆናል።"

ረዳቱ ጮክ ብሎ አነበበው። "ይሄ ሌባ እጥፍ እያስከፈለን ነው፤ ወንድ ከሆነ ታሪፉን ያሳየን።" ከዚያ ቀና አለ። "እናቴ፣ ውሃ አልጠማውም። ሌባ ነው የሚለኝ።"

"ውይ በሞትኩት! በሽታው ነው እንዲህ የሚያናግረው።"

"ጤነኛ ሲሆንስ?"

"ጤነኛ ሲሆንማ ይብሳል!"

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱም እየሳቀ የሁላችንንም ትርፍ ገንዘብ መለሰ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ መሳቅም ያማል።

ከጉማራ ድልድይ ወዲህም ወዲያም ሜዳው ቢጫ ነው። ሩዙ ጎንበስ ብሏል፣ ሰው ማጭዱን ይዞ ገብቷል። እታለም ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። የእኛን ማሳ ላም ገብታበት ይሆን እያለች እንደሆነ ገብቶኛል።

ሐሙሲት ወርደን ሻይ አዘዘችልኝ፣ በማንኪያ ልታጠጣኝ ሞከረች። ሻዩ በአገጬ ወረደ። አስተናጋጇ ፊቷን አዞረች፣ እታለም በነጠላዋ ጠረገችኝ። በአንበሳሜ መንገድ ደግሞ ሌላ መኪና ያዝን፣ የቀረውን በእግር ወረድነው።

ወንዛዬ

ውሃው ይጤሳል። ጉልበት የያዘው፣ ወገብ የያዘው፣ ቆዳው የሚያሳክከው ሁሉ ተደርድሮ ተዘፍዝፏል። እኔም ጉንጬን ነከርኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን እብጠቱ ከጉንጬ ወደ አገጬ ሥር ወረደ። አንገቴ እንደ ጣውላ ደረቀ።

"እየፈታው ነው! ወደ ታች እየወረደ ነው!" አለች እታለም።

እዚያው ከዩኒቨርሲቲ የመጡ የሕክምና ልጆች ወረቀት ይዘው ሰው ይጠይቃሉ። ሰው ጥርሱን ሲያመው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያጠኑት። አንዷ፣ ሕሊና የምትባል፣ እኔ ጋ ቁጭ አለች። "ጥርስህን በቀን ስንቴ ትፍቃለህ?"

ደሜ ፈላ። ስልኬን አወጣሁና "እኔ እየሞትኩ አንቺ ስለ መፋቂያ ትጠይቂኛለሽ?" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችው። አልተቆጣችም። ወረቀቷን አጠፈችና "እስኪ ምላስህን አንሳ" አለችኝ። አልነሳ አለኝ፤ ከሥሩ አብጦ ወደ ላይ ተገፍቷል። "ምራቅህን ዋጥ።" አልቻልኩም። በጣቷ አገጬ ሥር ጫን አደረገችና ወደ ሾፌራቸው ጮኸች፣ "መኪናውን አዙር!"

እታለም ተነሳች። "የት ልትወስጂብኝ ነው? ሰባት ቀን ሳይዘፈዘፍማ አይሆንም! ወጉ ሰባት ነው።"

"ሰባት ቀን የለውም እታለም" አለቻት ሕሊና። ሰው ሲጠራት ሰምታ ነው መሰለኝ እንደኔው ጠራቻት። "እብጠቱ እየፈታ አይደለም፤ መተንፈሻው ላይ እየወረደ ነው። የዛሬን ሌሊት እንኳ እንጃ።"

እታለም ውሃውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ከሁላችን ቀድማ መኪናው ጋ ደረሰች።

ባሕር ዳር

መንገዱን ብዙም አላስታውሰው። እታለም ጭንቅላቴን ደገፍ አድርጋ "ተንፍስ፣ አዎ፣ እንደሱ፣ ደግሞ ተንፍስ" ስትለኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ሆስፒታል እንደደረስን አገጬን ከሥሩ ቀደዱት፣ መግሉ ወረደ፣ ያ የተረገመ ጥርስ ተነቀለ።

ትንሽ ሲቀለኝ ሕሊና መጣች፤ ትኩሳቱ ግን ገና አልለቀቀኝም ነበር። ከመግሉ ትንሽ ላብራቶሪ ገብቷል፣ እሱን ለጥናቱም እንጠቀምበት ወይ ብላ ፈቃዴን ጠየቀች። ስልኬ ላይ "እንኳን ትንሹን፣ ሁሉንም ውሰጂው" አልኳት። ሳቀች።

እታለም ግን "ምን ያደርግላችኋል ይሄ?" አለቻት።

"ከጥርስ የተነሳ እንዲህ ያለ እብጠት ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ የለመድነው መድኃኒት አንዳንዱን አልፈውስ እያለ ነው። ሰው ሐኪም ቤት ሳይመጣ ምን እንደሚወስድና የትኛው ጀርም የትኛውን መድኃኒት እንደለመደ ነው የምናጠናው።"

"ጀርም መድኃኒት ይለምዳል?"

"መድኃኒቱ ተጀምሮ ሲተው፣ ያልሞተው ይለምዳል።"

እታለም አሰበች። "እንደ ሩዝ ሌባ ላም ነዋ! ከማሳው ሳታስወጪያት መሐል ላይ ጮኸሽ ከተመለስሽ፣ ሁለተኛ ጩኸትሽን አትሰማም።"

"ልክ እንደሷ" አለች ሕሊና።

ከቀናት በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ። እኔ እየጀመርኩ የተውኩት እንክብል ጀርሙን ምንም አላደረገውም። ሐኪሙ የሚሠራውን መድኃኒት ለይቶ ቀየረልኝ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። ያቺ ወረቀት ይዛ ፍል ውሃ ዳር የተቀመጠች ልጅ ባታገኘኝ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር። ልሰድባት ነበር እኮ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ጉማራን እንደተሻገርን የሜዳው ግማሽ ታጭዷል። እታለም በመስኮቱ ማየት አልፈለገችም። የእኛስ? ወይ ረግፏል፣ ወይ ላም በልታዋለች።

ግቢያችን ስንገባ ሩዙ ተከምሮ ቆሟል። ጎረቤቱ በደቦ አጭዶልናል። ደቦውን የጠራው ማን ነው? አያ ካሳ! ያን ቁስለኛ እግሩን እየጎተተ።

ማታ ሊጠይቀኝ መጣ። እታለም ለገንፎዬ የሚሆን ሩዝ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ጠጠር ትለቅማለች። አያ ካሳ ትንሽ ከተጫወተ በኋላ "የተረፈህ እንክብል ካለ ለዚች እግሬ ብትሰጠኝ፤ ብሶባታል" አለ።

አፌ አሁን ሁለት ጣት ያስገባል። ያ አንድ ኩንታል ስድብ ምላሴ ላይ ነበር። እታለም አውቃብኛለች፣ መልቀሙን አቁማ ትጠብቀኛለች።

"አልተረፈም አያ ካሳ፣ አንድ ሳላስቀር ጨርሼዋለሁ" አልኩት። "ቢተርፍም አልሰጥዎትም። ነገ ወረታ ጤና ጣቢያ አብረን ሄደን እግርዎን እናሳያለን።" ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ደግሞ ለሩዙ… እግዜር ይስጥልኝ። አንቺም እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

እታለም ሰፌዷን አስቀመጠች፣ ተነስታ መጣችና እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

"አያ ካሳ" አለች፣ "ይሄ ልጅ ትኩሳቱ ተመልሶበታል መሰለኝ።"