ግድግዳችን ላይ የነበረችው ልዕልት

ልጅ እያለሁ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት የፈረንሳይ ልዕልት ነበረች። ልዕልትነቷን ግን አናውቅም፤ ማርያም ናት ብለን ጠዋት ማታ እንሳለማታለን። አክስቴ ሸማ ተራ ነጠላ ነጋዴ ነበረች። ሥዕሏን የገዛችው አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ነው። በእርሳስ የተሳለች፣ ፀጉሯን በስስ ሻሽ የሸፈነች፣ አንገቷን ዘንበል ያደረገች ቆንጆ። ማን ይጠርጥር? አክስቴም እንደ ደንቡ መጋረጃ ሰፍታ ጋረደቻት።

እኔ እናቴ ሞታ ከዘመድ ዘመድ ስዞር እዚያ የደረስኩት "ለትንሽ ጊዜ ነው" ተብዬ ነው። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ይባላል፤ ወደ ጨርቁ የተቃረብኩ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ ገበያ ስትውል፣ የተሸካሚዎች ጩኸት ከመንገድ እየተሰማኝ፣ መጋረጃውን ገልጬ "ከዚህስ አታስወጪኝ" እላታለሁ። ከእሷ በቀር የማወራው ሰው አልነበረኝም።

የአክስቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደርሶ ቤቱ ትኩስ ዳቦና ጠላ ሸተተ። ከማኅበርተኞቹ የአንዷ ባል፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩት ጋሼ ታደሰ፣ ሊሳለሙ ተጠግተው ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበቡና ወደ አክስቴ ዞሩ።

"አይቀየሙኝና እትዬ ዘነቡ፣ ይቺ ማርያም አይደለችም። የፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ከአገሯ ያባረሯት።"

አንዷ ማኅበርተኛ ሳቀች፣ ሌላዋ አማትባ ጮኸች።

"ኧረ በማርያም! ለማን ስንሰግድ ኖርን? በይ አሁኑኑ አውርጃት!"

እኔ ጥግ ቆሜ እንባዬ መጣ። እሷ ከወረደች የእኔም ቀን እንደደረሰ ነበር የታየኝ።

አክስቴ ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን ነቀለች፤ ለማርያም የተሰፋ ለሌላ አይሆንም። አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሥዕሏን ግን አልነካችም።

"አገሯ ያባረራትን እኔ ደግሞ ከቤቴ አውጥቼ የት ልጣላት? ትቀመጥ" አለች።

ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። እኔ ግን ያን ዕለት፣ እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልሳቀቅ ጠግቤ በላሁ።

አሁን አክስቴ የለችም። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ ሥዕሏም ዕቃ ሲወጣ በነበረው ግርግር የት እንደገባች አላውቅም። እኔ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ቤቱ የራሴ ነው፤ ውጪ የሚለኝ የለም። ተቀመጪ የሚለኝም የለም።